ያላላኋት ሽቦ

ይህን ስጽፍ ከፊት ለፊቴ አንድ ሰው ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። ጃርሶ ይባላል። እኔ ጥቂት መስመር እጽፍና ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እውነት ከሆነ ዝም ይላል። ከጨመርኩበት ግን ከዘራውን አንስቶ የሲሚንቶውን ወለል አንድ ጊዜ ይመታል፤ ኳ! ያኔ አስተካክላለሁ። ይህ ስምምነት ከየት እንደመጣ ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ። ለጊዜው ይህን ብቻ ያዙልኝ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ትንኝ አይቼ ዝሆን ሳወራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህ ጽሑፍ ግን ዘበኛ ቆሞበታል።

እንጀምር። ከአስራ ምናምን ዓመት በፊት ነገሌ ቦረና ውስጥ እኔን የማያውቅ ግመል እንኳ አልነበረም።

ኳ!

እሺ፣ ግመሎቹ ይቅሩ። ባለሞተር ሁሉ ያውቀኝ ነበር። ስሜ ተስፋዬ ነው፤ ከተማው ግን ኮረንቲ ይለኛል። የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር። ከገበያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ፤ ሽቦ ከመብዛቱ የተነሳ ደንበኛ ሲገባ እኔ እወጣ ነበር። ዝናዬ የመጣው ግን ከጥገናው ሳይሆን “ምስጢር” ብዬ ከሰየምኳት ነገር ነው። በዚያን ጊዜ በቆላው መንገድ ሞተር ሳይክል ይሰረቅ፣ ይነጠቅም ነበር። ስለዚህ ለያንዳንዱ ደንበኛ ከመቀመጫው ሥር፣ ጣት እንጂ ዓይን የማያገኛት አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ እደብቃለሁ። እሷ ካልተነካች ሞተሩን ቢረግጡት፣ ቢገፉት፣ ቢለምኑት አይነሳም።

ይህን ሠርቼ አፌን ብዘጋ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ። ምስጢር ሠርቶ ምስጢሩን በየሻይ ቤቱ የሚለፍፍ ሰው ግን ከኔ በቀር አልተፈጠረም። ሰው ሰብሰብ ባለበት ሁሉ፣ “የነገሌን ሞተር የሰረቀ ሌባ እኔንም አብሮ ካልሰረቀ ብረት ተሸክሞ ነው የሄደው!” እል ነበር። ሰዉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ማን ማን እንደሚስቅ ግን አልቆጠርኩም።

ጃርሶ የከብት ደላላ ነበር፤ የጉጂ ልጅ ነው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር ላይ ያደግን። በተንኮል እንበላለጣለን ብንል አስታራቂ ያስፈልገናል። በዚያ ሰሞን እኔን የጣለኝ እሱ ነው። አንድ ቀን አብረን ወደ ዳዋ ወንዝ ወርደን ሳለ ቁጥቋጦ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። እኔ “አንበሳ!” ብዬ ግራር ላይ ወጣሁ። እሾሁ የት የት እንደገባብኝ መናገር አያስፈልግም። ከቁጥቋጦው የወጣችው ኤሊ ነበረች። ጃርሶ ነገሌ እንደገባን ለሻይ ቤቱ በሙሉ፣ “ኮረንቲ የቡና ስኒ በምታህል ኤሊ ተባርሮ ዛፍ ላይ አደረ!” ብሎ አወራ። እኔ እንዳየኋት ግን ኤሊዋ የከሰል ምድጃ ታህል ነበር።

ኳ!

እሺ። መካከለኛ።

ሳምንቱን ሙሉ ሰው፣ “ኮረንቲ፣ ኤሊዋ ደህና ናት?” እያለ ሰላም ይለኝ ጀመር። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ! እኔም ቂም ያዝኩ፤ የቀልደኛ ቂም ደግሞ ከሌላው ይከፋል፣ እየሳቀ ነው የሚሄደው። በሳምንቱ ጃርሶ የፊት መብራት ላስቀይር ብሎ ሞተሩን አመጣልኝ። መብራቱን ቀየርኩለት። ከዚያ መቀመጫውን አንስቼ ለካንዴላው እሳት የምታደርሰውን ሽቦ ከመጋጠሚያዋ ፈታኋት፣ ግማሽ ዙር ብቻ ጠመዘዝኳት፣ ላይዋን በዚያች እኔ በምታወቅባት ቢጫ የሽቦ ናስትሮ ሸፍኜ ጤነኛ አስመሰልኳት። ስሌቴ ቀላል ነበር። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ጉድጓድ አለች። ጎማው እዚያች ውስጥ ጥልቅ ሲል ሽቦዋ ትለቃለች፤ ጃርሶ በሰው ሁሉ ፊት ወርዶ እስከ ሱቄ እየገፋ ይመጣል፤ እኔም፣ “ኤሊ ትፈጥናለች አይደል?” እለዋለሁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሦስት ምስክሮች ይዤ ተቀመጥኩ። ጃርሶ መጣ። ጉድጓዷ ውስጥ ጥልቅ አለ። ወጣ።

“አካም ኮረንቲ!” አለኝ እጁን እያውለበለበ።

“ናጋ፣” አልኩት ምላሴን ነክሼ።

ሞተሩ እየዘፈነ በዳዋ መንገድ ወደ ከብት ገበያው ሄደ። ምስክሮቼ ሳቁብኝ። እኔ ግን፣ “አያችሁ? እኔ ያላላሁት እንኳ ሌላው ካጠበቀው ይበልጣል!” ብዬ ተኮፈስኩ። ተከትዬው ላስቆመው ይገባ ነበር። አልተከተልኩትም። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

አራት ሰዓት ገደማ ሁለት ሰዎች በአንድ ሞተር ሱቄ ድረስ መጡ። አንዱ ረጅም ነው፤ በዚያ ሙቀት ጃኬት ለብሷል። ሌላው አጭር፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተጣበቀ። የማላውቃቸው ነበሩ።

“ጋሼ ኮረንቲ አንቱ ነዎት?” አለ ረጅሙ።

“ነኝ። ባልሆንም ደግሞ ለዛሬ እሆናለሁ።”

አልሳቀም። “ሞተራችን በዳዋ መንገድ ላይ ቆመብን። ሁሉን ሞከርን፣ አልነሳ አለ። ‘እሱ ካልመጣ አይነሳም’ የተባለው እርስዎ ነዎት አሉን።”

እስቲ አስቡት! ዝናዬ ዳዋ ድረስ ወርዷል! ልቤ እንደ ባሎን አበጠ። መሣሪያዬን በከረጢት አድርጌ በሁለቱ መሃል፣ በሁለት ጆንያ መካከል እንደገባች ዶሮ ተጣብቄ ጉዞ ጀመርን። የአጭሩ እጅጌ ረጥቦ ጠቁሮ ሸሚዜን ያቆሽሸኝ ነበር። ዘይት መሰለኝ። ለእኔ በዓለም ላይ ያለ ጥቁርና እርጥብ ነገር ሁሉ ዘይት ነበር።

ከተማውን ለቀን፣ ኮሮኮንቹ መንገድ አንጀታችንን እያንቀረቀበ ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ረጅሙ መሪውን ወደ ግራ አጥፎ ጫካ ውስጥ ገባ። ሁለት ሰው የሚያህል ቀይ ኩይሳ አለ። ከጀርባው አንድ ሞተር ሳይክል በጎኑ ተጋድሟል። መቀመጫው ተገንጥሎ ስፖንጁ በስለት ተዘልዝሏል። ወረድኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቢጫ ናስትሮ።

የራሴ እጅ ሥራ ከሩቅ ሰላም ያለችኝ መሰለኝ።

“የማን ነው?” አልኩ።

“የኛ።”

“ከማን ገዛችሁት?”

ረጅሙ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ አሮጌ ክላሽ ይዟል። “ከዚያ ሰውዬ፣” አለኝ በአፈሙዙ እያመለከተ።

ከግራሩ ግንድ ጋር በፍየል ገመድ የታሰረውን ሰው መጀመሪያ አላወቅሁትም። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። የግራ ጭኑ ከላይ እስከ ጉልበቱ ድረስ ተተልትሏል፤ ደሙ በቀዩ አፈር ላይ ጠቁሮ ረግቷል፣ ዝንቡ ከሩቅ ይሰማል። ያወቅሁት በጫማው ነው። እኔ ነበርኩ የመረጥኩለት።

አጭሩ ከወገቡ ገጀራ መዞ ወደ እሱ ሄደ። ረጅሙ፣ ልክ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ፣ “ስንደርስ ሞተሩ ቆሞበት አገኘነው፣” አለኝ። “አስነሳና ስጠን አልነው። ‘ራሱ እምቢ ብሎኝ ነው’ ይላል። ‘ምስጢሯስ?’ አልነው። ‘መቀመጫው ሥር ናት’ አለ። ነካናት፣ አይነሳም። ረገጥን፣ ገፋን፣ አይነሳም። ሌላ ምስጢር አለ። የነገሌ ሞተር ሁሉ ምስጢር እንዳለው እርስዎ ራስዎ ሻይ ቤት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ይህ ሰውዬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ይዋሸናል።”

“ማሎ…” ብሎ ለመነኝ ጃርሶ። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። “ኮረንቲ፣ ማሎ ንገራቸው። ሌላ ምስጢር እንደሌለ ንገራቸው።”

አጭሩ ገጀራውን ገልብጦ በጠፍጣፋ ጎኑ የተቆረጠውን ጭን መታው። እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው አይወጣም። ወፎቹ ከግራሩ ላይ ተነስተው ሄዱ። “ንገረን!” አለው አጭሩ። ደግሞ መታው።

እኔ በዚያች ቅጽበት ሁሉን ተረዳሁ። ሽቦዋ ጉድጓዷን አልፋ፣ ከተማውን አልፋ፣ እዚህ ምድረ በዳ ላይ ነው የለቀቀችው። ጃርሶ የሚያውቀውን ሁሉ አውጥቷል። የሚደበደበው እሱ በማያውቀው፣ እኔ በማውቀው ነገር ነው። አንድ ሌላ ሐሳብም መጣልኝ፤ አልደብቃችሁም። ዝም ብዬ ጎንበስ ብል፣ ሽቦዋን “ያገኘሁ” መስዬ ብቀጥላት፣ ጃርሶ የኔን ተንኮል ዕድሜ ልኩን አያውቅም። ይህን አሰብኩ። አጭሩ ገጀራውን ሦስተኛ ጊዜ እስኪያነሳ ድረስ አሰብኩት።

ከዘራው ዝም ብሏል። እቀጥላለሁ።

“ተወው!” አልኩ። “እውነቱን ነው የነገራችሁ! ሌላ ምስጢር የለም። ሽቦዋን ያላላኋት እኔ ነኝ!”

ረጅሙ ዞረ። “ለምን?”

“ለቀልድ።”

ረጅሙ አጭሩን አየው፣ አጭሩ ረጅሙን አየው። “ለቀልድ?” አለ ረጅሙ፣ መሳቅም ጀመረ፤ ከልቡ ነበር የሳቀው። እየሳቀ ቀረበኝና በክላሹ ሰደፍ አፌን መታኝ። አፈር ላይ ስወድቅ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ከምላሴ ጋር ሲጋጩ ተሰማኝ። “ይሄም ቀልድ ነው፣” አለኝ። “አሁን ተነስና ቀጥላት።”

ደም ተፍቼ ቀና ስል ጃርሶ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። በዚያች ዓይን ውስጥ የነበረውን እስካሁን መጻፍ አልቻልኩም።

ወደ ሞተሩ ስጎተት ረጅሙ በኦሮምኛ አጭሩን፣ “ሲነሳ ሁለቱንም። በጥይት አይደለም፣ እረኛ ይሰማል፣” ሲለው ሰማሁ። እኔ ነገሌ ተወልጄ እንዳደግሁ ያውቃል፤ ብሰማም ግድ አልነበረውም። እንግዲህ ስሌቱ ይኸው ነው። ሽቦዋን መቀጠል የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተነሳ እንሞታለን። ካልተነሳ ጃርሶ ደሙ አልቆ ይሞታል። ጊዜ ያስፈልገኛል፣ ጊዜ ደግሞ ከጃርሶ ጭን ነው የሚፈሰው።

የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ፊውዙን አወጣሁ፣ በእጄ ጫፍ ይዤ ለፀሐይ አሳየሁት፣ አራገፍኩት፣ መለስኩት። “እሱ ነው?” አለ ረጅሙ። “አይደለም።” በእርግጫ ጎኔን አለኝ። ባትሪውን በመፈተሻ አምፖል ነካሁ፤ በራ። “እሱ ነው?” “አይደለም።” ሁለተኛ እርግጫ፣ ያው ጎን ላይ። ካንዴላውን ፈትቼ አፉን በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ፤ ሽቦዋን ያላላሁት እኔ፣ ካንዴላው ምን በደለ? “እሱ ነው?” “አይደለም።” ሰውዬው ሥራውን ይወድ ነበር፤ አንድም ምርመራ ያለ ደረሰኝ አላለፈም።

ቀጥሎ እጆቼን አሳየሁት፤ ይንቀጠቀጣሉ። ለዚህ ማስመሰል አላስፈለገኝም። “ጌታዬ፣” አልኩት፣ በተሰበረ ጥርስ እያፏጨሁ፣ “ያ ሰው ደሙ ከፈሰሰ ይሞታል። እሱ ከሞተ እጄ ይብስበታል። እጄ ከባሰበት ይህች ሽቦ አትያያዝም። ጭኑን ልሰርለት።”

ትንሽ አሰበ። “እሰርና ና። ቶሎ።”

ከከረጢቴ የአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ አወጣሁና ጃርሶን ከቁስሉ በላይ አጥብቄ አሰርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ ያሰርኩት ነገር የለም። በግራ እጄ እያሰርኩ በቀኝ እጄ ከግንዱ በስተጀርባ የፍየሉን ገመድ በፒንሳ ቆረጥኩ፤ አንዲት ክር ብቻ ቀረች። በጆሮው፣ “የሞተሩ ድምፅ ሲቆም ተንከባለል፣” አልኩት። ትልቁን መፍቻ በእጅጌዬ ውስጥ አስገብቼ ተመለስኩ።

እንግዲህ ሽቦዋ። በእጄ ያዝኳት። መጋጠሚያዋን አየሁት። መጀመሪያ ለሳቅ ግማሽ ዙር ጠመዘዝኳት፣ ጉድጓድ አልፋ ዳዋ መንገድ ድረስ ሄደች። አሁን የምፈልገው አርባ እርምጃ እንድትሄድ ብቻ ነው። ጨርሶ ካልነካች አይነሳም፤ ትንሽ ከጠበቀች እኔና ጃርሶ ለጅብ ነን። ሩብ ዙር? ሩብ ዙርም አልጠመዘዝኳትም። ጫፏን ጫፏ ላይ አስደግፌ፣ እንደ ተኛ ሕፃን በናስትሮ አለበስኳት።

መርገጫውን ረገጥኩ። በአንዴ ተነሳ።

ረጅሙ ክላሹን በትከሻው አንግቶ ሞተሩ ላይ ወጣ። ለአጭሩ፣ “ጨርሳቸውና በዚያኛው ሞተር ተከተለኝ፣” ብሎት ከኩይሳው ጀርባ ወጣና ወደ ኮሮኮንቹ አቀና።

አጭሩ ገጀራውን ጨብጦ ወደ ጃርሶ ሄደ። በመጀመሪያ የታሰረውን ነው የመረጠው። እኔ በጉልበቴ እየሄድኩ ከሁለቱ መሃል ገባሁ። ጆሮዬ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ሞተሩ ይሄዳል። ያ የተረገመ ሞተር ይሄዳል! አጭሩ አነሳና ወደ ጃርሶ አንገት ሰነዘረ። እጄ ራሱ ሄዶ መሃል ገባ። አላመመኝም፤ ብቻ አንድ ነገር የቀነሰኝ መሰለኝ። ዝቅ ስል የግራ እጄ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና ጎረቤቷ፣ አፈር ላይ ናቸው። ሞተሩ አሁንም ይሄዳል። “አይ እጄ!” አልኩ በሆዴ፣ “ስታላላ እንኳ አይሆንልህም!”

ገጀራው ሁለተኛ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። ደም ይንጠባጠብበታል፣ የኔው ደም ግንባሬ ላይ።

ሞተሩ ቆመ።

ቆላ ውስጥ ሞተር ሲቆም ዝምታው ጆሮ ያደነቁራል። ከመንገዱ በኩል የረጅሙ ድምፅ መጣ፤ “ኧረ ቆመ! ያ ውሻ ደገመኝ!” አጭሩ አንገቱን ወደ ድምፁ አዞረ። አንገት አለው ከተባለ። ጃርሶ ገመዱን በጥሶ ተንከባለለ። እኔ መፍቻውን ከእጅጌዬ አወጣሁና የአጭሩን መንጋጋ መታሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ወደቀ። ደግሞ መታሁት። ደግሞ መታሁት።

እዚህ ላይ ቆሜ ጃርሶን አየሁት። ከዘራውን አላነሳም። አንዱ ምት በቂ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለዚያ ሰው የሚገቡት አልነበሩም፤ ግን እሱ ነበር አጠገቤ ያለው።

ሌቦቹ የመጡበት ሞተር ከኩይሳው ጥላ ሥር ቆሟል። ቁልፉ ላዩ ላይ ነው። ምስጢር የለውም፣ መቆለፊያ የለውም፣ ምንም የለውም። ሌባ ሌባን አይፈራም ለካ! ጃርሶን ከኋላዬ ጫንኩት፣ በፍየሉ ገመድ ከጀርባዬ ጋር አሰርኩት፣ የተቆረጠ እጄን በሸሚዜ ጠቅልዬ አስነሳሁ። ረጅሙ እየሮጠ ሲመለስ ከቁጥቋጦው ወጣን። ከኋላችን ሰላሳ ጥይት ተኮሰ።

ኳ!

ሦስት። አንዷ ከጆሮዬ አጠገብ እንደ ንብ አልፋ ሄደች። ሌሎቹ የት እንደሄዱ አላውቅም፣ አልጠየቅኋቸውም።

እሾሁን ጥሰን መንገዱ ላይ ወጣን። ኮሮኮንቹ አንገጫገጨን፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ ከጃርሶ አንድ ማቃሰት ታወጣለች። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል፣ ይነሳል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። “ጃርሶ!” እላለሁ፣ ዝም። “ጃርሶ፣ ስደበኝ!” ዝም። አስፋልቱ ከሩቅ መታየት ሲጀምር በጆሮዬ ትንፋሽ ተሰማኝ።

“ኮረንቲ።”

“አቤት! አቤት ወንድሜ!”

“ለኤሊዋ ነው?”

መዋሸት እችል ነበር። “አዎ፣” አልኩት። “ለኤሊዋ ነው።”

ብዙ መንገድ ሄድን። የቆርቆሮ ጣራዎች ታዩ። በመጨረሻ፣ “መካከለኛ ነበረች፣” አለኝና ራሱን ሳተ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሁለታችንን ለመለየት ገመዱን በመቀስ ቆረጡት። ደም አስፈለገው፤ ሰጡት። እግሩ ተረፈች፣ ጅማቱ ግን አልተረፈም፤ ከዘራው ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮት አለ። አጭሩን እረኞች ኩይሳው ሥር መንጋጋው ተሰብሮ አግኝተው ለፖሊስ አስረከቡት። ረጅሙን እስከ ዛሬ ያየው የለም። የጃርሶን ሞተር መንገዱ ዳር ቆሞ፣ ሽቦዋ ተንጠልጥላ አገኙት።

ጃርሶ በከዘራ መራመድ ሲጀምር ሽማግሌዎች ጠሩኝ። በጉጂ ባህል ደም ከፈሰሰ ጉማ የሚባል ካሳ አለ፤ የበደለ ሰው ቤተሰብ ለተበደለው ከብት ነድቶ ይታረቃል። ገጀራውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም የጃርሶ ወንድሞች፣ “የቆረጠው ገጀራ ነው፣ ያቆመው ግን ሽቦ ነው፣” ብለው አቤት አሉ። ልክ ነበሩ። በትልቅ ዛፍ ሥር ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ የጃርሶ አጎት አባ ጉዮ ጠየቁኝ።

“ተስፋዬ፣ በዚህ ደም እጅህ አለበት?”

ሦስት ጣት የቀረውን እጄን አነሳሁ። “አለበት፣ አባባ። እርስዎ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ።”

ሽማግሌዎቹ ስንት ጊደር እንደሚገባኝ መወያየት ሲጀምሩ ጃርሶ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ።

“ከብት አልፈልግም፣” አለ። “ምስጢሬን ያሰራጨው ምላሱ ነው፣ መንገድ ላይ ያቆመኝ ቀልዱ ነው። እሱ ደግሞ ይህን ታሪክ ነገ አስጊጦ፣ ራሱን ጀግና አድርጎ እንደሚያወራው አውቃለሁ። ቅጣቱ ይሄ ይሁን። ይህን ነገር ለጠየቀው ሁሉ እስኪሞት ድረስ በራሱ አፍ ይንገር። ‘ለቀልድ ነው ያላላኋት’ ብሎ ይጀምር። አንዲት ቃል ሳይጨምር። እኔ ባለሁበት።”

አባ ጉዮ ወደኔ ዞሩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ኮረንቲ ሳይጨምር? ልጄ፣ ጨክነህበታል። ጊደሮቹ ይቀሉት ነበር።”

ዛፉ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። እኔ ግን አለቀስኩ፤ የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ሲያለቅስ ደግሞ አያምርበትም።

አንባቢዬ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትለኝ፣ ቀልድ አልተውኩም፤ ብተው ሟች ነኝ። አሁን ግን ሽቦ ስገጥም ሦስት ጊዜ ጎትቼ ነው የምለቀው፤ ተለማማጆቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ምስጢር ለማንም ሰው እሠራለሁ፣ ስለ ምስጢር ግን ሻይ ቤት ውስጥ ትንፍሽ አልልም። አንድ ነገር ልንገርህ። ሰው ላይ የምትቀልድ ከሆነ ቀልድህ የት ቦታ ላይ እንደምትፈነዳ አስብ። እኔ የኔዋን ለሻይ ቤቱ ጉድጓድ ነበር ያሰናዳኋት። እሷ ግን የራሷን ቦታ መረጠች። ሽቦዋን ሰው ፊት እንድትለቅ አላላኋት፣ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ለቀቀች። ደግሞም ልትስቅበት ያሰብከውን ሰው ጠዋት እጁን እያውለበለበ ሲያልፍህ ካየኸው፣ ሻይህን ተውና ተከተለው። ሁለተኛውን ሻይ አትዘዝ። እኔ በዚያ ሻይ ዕለት ዕለት እቃጠላለሁ።

ኳ!

“ምን?” አልኩት።

“ዕለት ዕለት አይደለም፣” አለ ጃርሶ ዓይኑን ሳይገልጥ። “ትላንት ስትስቅ ነው የዋልከው።”

እሺ። አንዳንድ ቀን።

አሁን መደምደሚያ ብቻ ነው የቀረኝ። “ያን ቀን ጓደኛዬን ከሞት አዳንኩት፣” ብዬ ጻፍኩና አነበብኩለት።

ኳ!

ሰረዝኩት። አስቤ አስቤ፣ “ያን ቀን ጓደኛዬን ልገድለው ነበር፣” ብዬ ጻፍኩ።

ኳ!

“ታዲያ ምን ልበል?” አልኩት እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ። “አዳንኩህ ስል ትመታለህ፣ ገደልኩህ ስል ትመታለህ!”

ጃርሶ ዓይኑን ገለጠ። ከዘራውን አጋድሞ ጉልበቶቹ ላይ አስቀመጠው።

“አብረን ተመለስን በል፣” አለኝ።

አብረን ተመለስን።